ሣሩን አይተው ገደሉን ሳያዩ

ባለፈው ሳምንት በአንድ የአማርኛ የውይይት ፕሮግራም ላይ የዋሽንግተን የሕዝብ ጎልፍ ሜዳዎች ነገር ተነሣ። አወያዩ ጥያቄውን ገና ሳይጨርስ ከተወያዮቹ አንዱ፣ አንደበተ ርቱዕ የሚባል ሰው፣ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ዘጋው። «ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ነው። ሜዳው ቢታደስና ቢያምር ማን ይጠላል? ታሪክ አለው ካላችሁ ደግሞ አንድ ሰሌዳ ጽፎ በሩ ላይ መስቀል ነው። እኛን ምን አገባን?» ሌሎቹ ሳቁ። አወያዩም አብሮ ሳቀና ወደ ነዳጅ ዋጋ ተሻገረ።

እኔ አልሳቅሁም። ሬዲዮኑን ዘግቼ ከተኛሁ በኋላ እንኳ ያቺ «አንድ ሰሌዳ» የምትል ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች።

ዜናውን ለሚከታተል አንባቢ ብዙ ማተት አያሻም። በ2025 መጨረሻ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ላንግስተን፣ ኢስት ፖቶማክና ሮክ ክሪክ የሚባሉትን የከተማዪቱን ሦስት የሕዝብ ጎልፍ ሜዳዎች እንዲያስተዳድር ናሽናል ሊንክስ ትረስት ለተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2020 የሰጠውን የ50 ዓመት ኪራይ አቋረጠ። መንግሥት «የተስማማነው እድሳት አልተሠራም» ይላል፣ ድርጅቱ «ግዴታዬን አላጓደልሁም» ይላል። ማን እውነት እንደተናገረ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ይፍረድ። የእኔ ጠብ ከሁለቱም የሒሳብ ደብተር ጋር አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በኦክቶበር ወር የዋይት ሀውስ ምሥራቃዊ ክንፍ ሲፈርስ አፈሩና ፍርስራሹ በገልባጭ መኪና እየተጫነ የተራገፈው ኢስት ፖቶማክ ሜዳ ላይ መሆኑንም አንባቢ ያስታውሳል። ይህቺን ነገር ለጊዜው በልባችሁ ያዙልኝ።

ኪራዩን ያቋረጠው መሥሪያ ቤት የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይባላል። ስሙ እኛን ኢትዮጵያውያንን ያሳስተናል፤ እዚህ አገር ዋና ሥራው የፌዴራሉን መሬትና ብሔራዊ ፓርኮችን ማስተዳደር ነው። በ1941 የእነዚህን ሜዳዎች በር ለጥቁሮች ያስከፈተው ይኸው መሥሪያ ቤት ነበር። በር ከፋቹም፣ ቁልፍ ነጣቂውም አንድ ቤት! ይህን የመሰለ ምፀት ፊት ለፊት ተጋርጦ እያለ የእኛ ተወያይ ስለ ሰሌዳ ያወራል።

እሺ፣ ከሰሌዳው እንጀምር። ዋሽንግተን የሰሌዳና የሐውልት ድሃ አይደለችም። ከሁሉም የገነነው የአብርሃም ሊንከን መታሰቢያ ነው። ባሮችን ነጻ ያወጣው ፕሬዚዳንት በእብነ በረድ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከተማዪቱን ቁልቁል ያያል፤ ንግግሮቹ ከግራና ከቀኝ ግድግዳው ላይ ተቀርጸዋል። ሜይ 30 ቀን 1922 ይህ መታሰቢያ ሲመረቅ ጥቁር እንግዶች ተለይተው እንዲቀመጡ ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እዚያው መታሰቢያው ሥር ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ተከፈተ። ነጮቹ ኢስት ፖቶማክ ላይ በሰፊው ይንሸራሸራሉ፤ ጥቁሮቹ ነጻ አውጪያቸው እግር ሥር በተሰጠቻቸው ቁራሽ መሬት ላይ ኳሳቸውን ይመታሉ። ተወያያችን ከዚህ የሚበልጥ ሰሌዳ ያውቅ ይሆን? ያ ሁሉ እብነ በረድ፣ ያ ሁሉ የተቀረጸ ቃል አንድም ጥቁር ሰው ኢስት ፖቶማክ ገብቶ እንዲጫወት አላደረገም።

በሩ የተከፈተው በሰዎች ግፊት ነው፤ ከሁሉም በላይ በሴቶች። በ1937 ሄለን ዌብ ሃሪስ የተባሉ ሴት 12 ጓደኞቻቸውን ቤታቸው ጠርተው ዌክ ሮቢን የተባለ የሴቶች የጎልፍ ክለብ አቋቋሙ። ዌክ ሮቢን የአበባ ስም ነው። ባሎቻቸው ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር የጎልፍ ዱላቸውን እየያዙ ስለሚጠፉባቸው እነሱም ለመጫወት ቆረጡ ይባላል። የቤት ኩርፊያ የወለደው ክለብ ግን ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ራስ ምታት ሆነ። በ1938 እነዚህ ሴቶች «የከተማው የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም ይከፈቱ» የሚል አቤቱታ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ኃላፊው ለሃሮልድ ኢኪስ አስገቡ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ደስ የሚለኝና የሚያበሳጨኝ ክፍል ነው። መንግሥት በሩን ከመክፈት ይልቅ ሌላ ቤት ሠራላቸው። በከተማው ሰሜን ምሥራቅ፣ ከአናኮስቲያ ወንዝ ዳር፣ ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ ባለ 9 ጉድጓድ ሜዳ ተዘርግቶ ጁን 1939 ተመረቀ። ስሙም ላንግስተን ተባለ፤ በጆን መርሰር ላንግስተን ስም፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲን በነበሩትና ከቨርጂኒያ ለአሜሪካ ምክር ቤት በተመረጡት የመጀመሪያው ጥቁር ሰው። ስሙ ትልቅ፣ መሬቱ የቆሻሻ ክምር። ከፈለጋችሁ «ተሰጥቷችኋል፣ እንግዲህ ዝም በሉ» ብላችሁ ልትተረጉሙት ትችላላችሁ። እኔ የምተረጉመው እንደዚያ ነው።

ሴቶቹ ስጦታውን ተቀበሉ፤ ዝም ግን አላሉም። ዛሬ ላንግስተንን «የጥቁሮች የታሪክ ቅርስ» እያሉ ብቻ ለሚያሞካሹ ሰዎች ይህ ነጥብ ይሰመርበት። የሜዳው ሰዎች ትግላቸውን የጨረሱት ላንግስተንን ሲያገኙ አይደለም። ላንግስተንን እንደ መቆሚያ ተጠቅመው ቀሪዎቹን ጠየቁ። ጁን 29 ቀን 1941፣ እሑድ ዕለት፣ ሦስት ጥቁር ወንዶች ወደ ኢስት ፖቶማክ ሄደው የመጫወቻውን ከፍለው ገቡ። ፖሊስ አጀባቸው። የተሰበሰቡ ነጮች ከጉድጓድ ጉድጓድ እየተከተሉ ሰደቧቸው። ጎልፍ የተጫወተ ሁሉ ያውቃል፣ ከኋላህ አንድ ሰው ቢያስል እንኳ እጅህ ይስታል። እነዚያ ሰዎች በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እንዴት አድርገው ኳስ እንደመቱ ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ኢኪስም ከዚያ በኋላ አላመነቱም። ግብር ከፋዮች ናቸው፣ ዜጎች ናቸው፣ ስለዚህ እንደ ነጮቹ ይጫወታሉ የሚል ነበር አቋማቸው፤ ሜዳዎቹም እንዲከፈቱ ታዘዘ። እኚሁ ሰው በ1939 ጥቁሯ ዘፋኝ ማሪያን አንደርሰን በቆዳ ቀለሟ ምክንያት አዳራሽ ስትከለከል የሊንከንን መታሰቢያ ደረጃ መድረክ አድርገው የሰጧት ናቸው፤ 75 ሺህ ሰው የሰማት ያኔ ነው። መታሰቢያው ከተመረቀ ከ17 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ ማለት ነው። የሠራውም የተቀረጸው ጽሑፍ አይደለም፤ ደረጃው ነው፤ ሰው ስለቆመበት።

አሁን ያቺን በልባችሁ ያዙልኝ ያልኋትን የገልባጭ መኪና አምጧት። የዋይት ሀውስ ፍርስራሽ የተራገፈው እነዚያ ሦስት ሰዎች እየተሰደቡ በተጫወቱበት ሜዳ ነው። ሌላ ማራገፊያ ጠፍቶ ነውን? ይህን እንደ አጋጣሚ የሚቆጥር ይቁጠር። እኔ ግን ሰው ቆሻሻ የሚደፋው ከንቁ ቦታ ላይ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ በመንደሬ አይቻለሁ።

ላንግስተንን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። እዚህ አገር ከገባሁ በኋላ ለዓመታት መሃል ከተማ በሚገኝ አንድ የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ፤ እንደ ብዙዎቻችን። አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ፣ ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ። ሁልጊዜ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ሲወጡ የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው የጎልፍ ዱላዎቻቸውን ይቆጥራሉ። እጀታዎቻቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በሚጠቀምበት ጥቁር ፕላስተር የተጠቀለሉ ነበሩ። እኔም እንደ ተወያዩ ነበር የማስበው፤ «ጥበቃ እየሠሩ የባለሀብት ጨዋታ?» እያልሁ በሆዴ እታዘባቸው ነበር። አንድ ቀን «ና፣ ላሳይህ» አሉኝ።

ቤኒንግ ጎዳና ላይ ታጥፈን ገባን። ባለ ቆዳ ሶፋ አዳራሽ ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ዝቅ ያለች ቤት፣ የሚያፏጭ ቡና ማፍያ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ የቆዩ ፎቶዎችና ከጠረጴዛው ጀርባ በትልቁ የተጻፈ የዋጋ ዝርዝር ነው። አንድ ባልዲ ኳስ ገዙልኝ፤ ዋጋው ከዚያን ቀን ምሳዬ ያንሳል። ሦስት ጊዜ ሰነዘርሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ኳሷ ባለችበት ቀረች። በሦስተኛው እንኳን የጭብጥ ያህል አፈር ከነሣሩ ተነቅሎ ከኳሷ አልፎ ሄደ። ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው «መሬቱን ተወው፣ አትዘራበትም» አሉኝ። አጠገባችን ይለማመዱ የነበሩ የአውቶቡስ ሹፌር የደንብ ልብስ የለበሱ ሴትዮ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ መጥተው ትከሻዬን አቃኑልኝ። አራተኛው ምት ወጣልኝ። ሩቅ አልሄደም፤ የወጣበት ድምፅ ግን፣ ያቺ ጠንከር ያለች «ጧ» የምትል ድምፅ፣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

እዚያ የነበሩት እነማን ናቸው? የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኞች፣ ሁለት ኮሪያውያን ባልና ሚስት፣ አባቱ የሚያስተምረው የአሥር ዓመት ልጅ፣ አንድ ከመኪና ማቆሚያ የመጣ የጎንደር ሰው። የዘር ውህደት ብለን በትልቁ የምንጠራው ነገር በዓይን ሲታይ ይኼው ነው፤ ሌላ መልክ የለውም። ደግሞም ሣሩ የተጎሳቆለ መሆኑን አልክድም። ዝናብ ሲዘንብ ውኃ ይተኛበታል፣ ጫማ ይውጣል። ይጠገን። ማንም አይጠገን አላለም።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። «ሜዳው ቢታደስና ቢያምር ማን ይጠላል?» ለሚለው።

በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! አባቶቻችን ይህን ሲሉ የጎልፍ ሜዳ አላሰቡም፤ ግን ከዚህ የሚበልጥ ቦታው የት ይገኛል? ሣሩ ይለመልማል። አሸዋው እንደ ዱቄት ይነጣል። ቤቷ ፈርሳ በመስታወት ትሠራለች። ከዚያ የዋጋው ዝርዝር ይቀየራል። ማንም ሰው በር ላይ ቆሞ «ጥቁር አይገባም» አይልም፤ ዛሬ እንደዚያ የሚባልበት ዘመን አይደለም፤ ዋጋው ራሱ ቆሞ ይናገራል። የአውቶቡስ ሹፌሯ ታነብበዋለች፣ በልቧ ትደምራለች፣ ትቀንሳለች፣ ዱላዋን ወደ መኪናዋ ትመልሳለች። ማንም አላባረራትም። ማንም አልሰደባትም። በ1941 ፖሊስ አስፈልጎ ነበር፤ አሁን ፖሊስም አያስፈልግ።

«ይህ ያንተ ግምት ነው» የሚለኝ ይኖራል። ግምት አይደለም፤ የዚህ ጨዋታ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ የውልና የዋጋ ታሪክ ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ግሪንስቦሮ የምትባል ከተማ አለች። ጊለስፒ ፓርክ የሚባል በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ሜዳ ነበራት። ጥቁሮች እንግባ ማለት ሲጀምሩ የከተማው አስተዳደር ምን አደረገ? ሜዳውን በዓመት በ1 ዶላር ለ«ግል ክለብ» አከራየው። አንድ ዶላር! ክለቡ «ለአባላት ብቻ» አለ። ነጭ የሆነ መንገደኛ ሁሉ ግን አባል ሆነም አልሆነም እየከፈለ ይጫወት ነበር።

ዲሴምበር 7 ቀን 1955 ጆርጅ ሲምኪንስ የተባሉ የጥርስ ሐኪም ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር ሄደው እያንዳንዳቸው 75 ሳንቲም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ ሜዳው ወጡ። የክለቡ ሰው እየተሳደበ ተከተላቸው። ማታ ተያዙ፤ በሰው ግቢ ገብታችኋል ተብለው እስራት ተፈረደባቸው። የፌዴራል ዳኛ ደግሞ ሜዳው የሕዝብ ነው፣ ኪራዩ ማምለጫ ነው ብሎ ፈረደላቸው። ትእዛዙ ሥራ ላይ ሊውል ጥቂት ቀን ሲቀረው የክለቡ ቤት ተቃጠለ፤ ከተማውም ሜዳውን ዘጋው። ለሁሉም ከሚከፈት ለማንም አይከፈት ማለት ነው። የእስራቱ ነገር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1960 ሲምኪንስ 5 ለ 4 ተሸነፉ፤ ከእስር ያዳናቸው አገረ ገዥው ነው። ሜዳው ተከፍቶ ሲምኪንስ የመጀመሪያውን ኳስ የመቱት ልክ በሰባተኛ ዓመቱ፣ ዲሴምበር 7 ቀን 1962 ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ «ጥቁር አይገባም» የሚል ሰሌዳ የት አለ? የትም የለም። ያለው የ1 ዶላር ውልና «ለአባላት ብቻ» የሚል ቃል ነው። ማያሚ ውስጥ ደግሞ ጥቁሮች በከተማው ሜዳ የሚጫወቱት ሰኞ ብቻ ነበር፤ ቀሪው ሳምንት ለነጮች። እዚያ ያጠራቸው የቀን ሰሌዳ ነው። አትላንታ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክራ በ1955 ስትሸነፍ ነው በሯን የከፈተችው። ኦስቲን፣ ቴክሳስ በሚገኘው ላየንስ ሜዳ በ1950 መጨረሻ አካባቢ ሁለት ጥቁር ልጆች ዝም ብለው ገብተው ሲጫወቱ የከተማው ባለሥልጣናት «ተዉአቸው ይጫወቱ» ስላሉ ብቻ፣ ያለ አንድ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ በሩ ተከፈተ። ያንን ሜዳም ዛሬ ከሞት ጋር እያታገለው ያለው የባለመሬቱ የኪራይ ውል ነው፤ ባለመሬቱ ደግሞ ሂማን ስዌት የተባለውን ጥቁር ተማሪ የሕግ ትምህርት ቤት ላለማስገባት እስከ 1950 የተሟገተው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ አይቶ «ውል ተቋረጠ፣ ታዲያ ምን ይሁን» ካለኝ፣ ወይ አላነበበም ወይ ማንበብ አልፈለገም።

አዋቂ መሳይ ተከራካሪ «የሕዝብ ሜዳ አምሮም የሕዝብ ሆኖ ይቀራል» ለማለት ቤትፔጅን ይጠራብኛል። ኒው ዮርክ የሚገኘው ቤትፔጅ የሕዝብ ሜዳ ሆኖ ትልልቅ ውድድሮችን አስተናግዷል፤ በ2025 የራይደር ዋንጫ የተደረገው እዚያ ነው። እውነት ነው። ግን ቤትፔጅ አንድ ሜዳ አይደለም፣ በአንድ ፓርክ ውስጥ ያሉ አምስት ሜዳዎች ናቸው። ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪም ዝቅ ያለ ዋጋ ተለይቶ ተቀምጦለታል። ተራ ሰው ተራ ለመያዝ ሌሊቱን መኪናው ውስጥ ተኝቶ የሚያድረውም ዋጋው ስለሚቀመስ ነው። የዋሽንግተኑ ሹማምንት «የአውቶቡስ ሹፌሯ ዋጋ ለ50 ዓመት አይነካም» ብለው ውሉ ውስጥ ይጻፉና ያኔ ስለ ቤትፔጅ እንነጋገራለን። እስከዚያው ምሳሌው ለእኔ ነው እንጂ ለእነሱ አይደለም።

«የሀብታም ጨዋታ» የምትለዋንም ሳልነካት አላልፍም። ኳሷ የምትቀመጥባትን ትንሽ የእንጨት ችካል ያውቋታል? ከዚያ በፊት ተጫዋቹ እርጥብ አሸዋ ቆንጥሮ ጉብታ ይሠራ ነበር። የእንጨቷን ችካል በ1899 በስሙ ያስመዘገበው ጆርጅ ግራንት የተባለ ጥቁር የጥርስ ሐኪም ነው። (የጥርስ ሐኪሞችና ጎልፍ ምን እንዳገናኛቸው አላውቅም፤ ሲምኪንስም፣ ግራንትም።) ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ባለሀብት ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚተክለው የእሱን ሐሳብ ነው። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር ግን እስከ 1961 ድረስ አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚል አንቀጽ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ሊ ኤልደር የሰው ዱላ እየተሸከመ ያደገ ልጅ ነው፤ በ1975 በማስተርስ ውድድር የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። የግድያ ዛቻ ስለደረሰበት ውድድሩ በሚደረግባት ከተማ ሁለት ቤት ተከራይቶ ነበር፣ የት እንደሚያድር እንዳይታወቅ። ዝናውን ይዞ የት ሄደ? በ1970ዎቹ መጨረሻ ከባለቤቱ ከሮዝ ጋር መጥቶ ላንግስተንን ያስተዳድር ጀመር። ጎልፍ የሀብታም ጨዋታ ሆኖ አልተወለደም፣ አጥር እየታጠረበት ሆነ። አጥሩን ያጠሩትን ትቶ ከአጥሩ ውጭ የቀረውን «ምን አገባህ» ማለት ከየት የመጣ ፍርድ ነው?

የመጨረሻዋ፣ ከሁሉም የከበደችኝ፣ «እኛን ምን አገባን» የምትለዋ ናት።

ወንድሜ፣ አንተ እዚህ አገር እንዴት ገባህ? እስከ 1965 በነበረው የኮታ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበላት በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ! ዛሬ በአንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ዕለት የሚታየውን ሕዝብ እስቲ ቁጠረው። ያ ሕግ የተሻረው የመብት ትግሉ የአገሩን ሕሊና ካናወጠ በኋላ ነው፤ ያንን ትግል ደግሞ የታገሉት 75 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡ ሰዎች፣ አቤቱታ የጻፉ ሴቶች፣ እየተሰደቡ ኳስ የመቱ ወንዶች ናቸው። እኛ የደረስነው ድግሱ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ከደረሱ በኋላ «ወጡን ማን ሠራው» ብሎ አለመጠየቅ ነውር ነው፤ ወጥ ቤቷ ስትባረር ዝም ማለት ግን ከነውርም ያልፋል።

ዶክተር መላኩ በያንን የማያውቅ የዋሽንግተን ኢትዮጵያዊ ይኖር ይሆን? በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1935 ተመረቁ። ያን ጊዜ ኢጣሊያ ጦሯን ታሰናዳ ነበር፤ ጥቁር አሜሪካውያንም ስለ ኢትዮጵያ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ገንዘብ ይሰበስቡ፣ በየአደባባዩ ይሰለፉ ነበር። እነ ሄለን ሃሪስ ክለባቸውን በመሠረቱበት በ1937፣ መላኩ ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ የማኅበሩ ጉልበት ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በራሳቸው ከተማ ሣር ላይ መራመድ የተከለከሉ ሰዎች ለእኛ መሬት ጮኹ። «እኛን ምን አገባን» አላሉም። ቢሉ ያምርባቸው ነበር፤ ብዙ የራሳቸው ችግር ነበረባቸው።

ውለታው ይቅርብህ፣ ጥቅምህን ብቻ አስላ ካልኸኝም እሺ። በሰሜን አሜሪካ ያለው የእኛ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ሕዝባችንን የሚያሰባስበው በተከራየው ሜዳ ነው። በየእሑዱ ልጆቻችን የሚሮጡበት ሣር የካውንቲ ሣር ነው። የሕዝብ ሜዳ የሚባለው ነገር «ያምር» እየተባለ ወደ ላይ ሲወጣ ቀጥሎ የሚወጣው የማን ይመስልሃል? ያን ጊዜ በአንተ ፕሮግራም ላይ ስልክ እየደወልን እንጮሃለን፤ አወያዩም ወደ ነዳጅ ዋጋ ይሻገራል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ላንግስተን ሄጄ ነበር። ሽማግሌው ጓደኛዬ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጃቸው በፕላስተር የተጠቀለለች አንዲት ዱላ ሰጥታኝ ነበርና እሷን ይዤ ሄድሁ። ባልዲዬን ገዛሁ። ከጠረጴዛው ጀርባ የተሰቀለውን የዋጋ ዝርዝር በስልኬ ፎቶ ሳነሣ ገንዘብ የሚቀበለው ወጣት ግራ ተጋብቶ «ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ቀኑ በግልጽ እንዲታይ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ጨምሬ ድጋሚ አነሣሁት።